«ሶሪ» ይቅርታ ነው ወይስ አይዞሽ?

ረዳቷ ከአሌክሳንድሪያ

ሰላም ለሁላችሁ። ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ውስጥ በነርስ ረዳትነት ሥራ ጀምሬያለሁ። አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ግራ አጋባችኝ፤ «ሶሪ» የምትባለዋ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ትልቅ ሴትዮ ከወንበራቸው ተነስተው ወደ መስኮቱ ሲሄዱ የእግራቸው ጣት ከዊልቸር ጎማ ጋር ተጋጨ። እኔ ማዶ አልጋ እያነጠፍኩ ነበር። «ውይ! ሶሪ፣ ሶሪ!» አልኳቸው። ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩኝና «አንቺ ምን አጠፋሽ? አልነካሽኝም እኮ» አሉኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ ከልባቸው ገርሟቸው ነው። ኃላፊዋ ነርስ ሰምታ ኖሮ ኮሪደር ላይ ጠርታኝ «ቤተሰብ ባለበት ሶሪ ብለሽ አታቁሚ። ምን እንዳሳዘነሽ ጨምሪበት» አለችኝ። ወዲያው ስልክ መጣባትና ሄደች።

እኛ ዘንድ ሰው ሲደናቀፍ ዝም ብሎ ማየት ነውር ነው። «እኔን!» እንላለን። «አይዞሽ» እንላለን። የመታው ድንጋይ ቢሆንም፣ እኛ ማዶ ቆመን ብናይም እንላለን። በእንግሊዝኛ ለዚህ የሚሆን ቃል ስፈልግ የመጣልኝ ሶሪ ነው። ታዲያ ቃሉ ስንት ትርጉም አለው? የትኛው የት ይባላል? የምታውቁ አስረዱኝ።

የኔታ

እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። ተማሪ ሁሉ «ሶሪ ማለት ይቅርታ» ብሎ ይሸመድዳል። ይቅርታ ግን የቃሉ አንዱ ወገን ብቻ ነው። ቀድሞ የመጣውም እሱ አይደለም።

ቃሉ ከ1000 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ሳሪግ» ይባል ነበር። ሥሩ ቁስልንና ሕመምን የሚናገረው «ሶር» ነው። ዛሬም ጉሮሮው የታመመ ሰው «ሶር ትሮት» አለብኝ ይላል። ስለዚህ ሶሪ የነበረ ሰው ማለት ሕመም የተሰማው፣ ሆዱ የባባ ሰው ማለት ነው። ብዙዎች ሐዘን ከሚለው «ሶሮው» የወጣ ይመስላቸዋል። የሁለቱ ሥር ለየቅል ነው። ድምፃቸው ስለተቀራረበ ትርጉማቸውም እየተጠጋጋ መጣ እንጂ።

«አይ አም ሶሪ» ያለ ሰው እንግዲህ «ተሰምቶኛል፣ አዝኛለሁ» ነው ያለው። በምን እንዳዘነ ገና አልተናገረም። በራሱ ጥፋት ሊሆን ይችላል። በሌላው ጉዳትም ሊሆን ይችላል። ሰሚው የሚለየው ከኋላ በሚመጣው ነው። «አይ አም ሶሪ አይ ብሮክ ዩር ካፕ» ካልሽ ስኒውን የሰበርሽው አንቺ ነሽ። «አይ አም ሶሪ ዩ አር ኢን ፔይን» ካልሽ ሕመማቸው አሳዝኖሻል፤ ጥፋት የለብሽም። ኃላፊሽ «ጨምሪበት» ያለችሽ ይህንን ነው።

ከኋላው ምንም ካልመጣ አሜሪካዊው ወደ ጥፋቱ ያደላል። ሴትዮዋ የገረማቸው ለዚህ ነው።

ማንጎ

የኔታ፣ «ሶሪ፣ በት...» ሲሉስ? የቤት አከራይም፣ ቀጣሪም፣ ባንክም የሚሉኝ እሱን ነው።

የኔታ

እሱ በር መዝጊያ ነው። «በት» ማለትም «ግን» ከመጣ ከኋላው ያለው መልስ «አይሆንም» ነው። ሰውየው አጥፍቻለሁ አላለም። እንቢታውን ማለስለሱ ነው። የእኛ «አዝናለሁ፣ አልተሳካም» እንደሚባለው ውሰደው።

ሌሎችም አሉ። «ዩ ዊል ቢ ሶሪ» ዛቻ ነው፤ ትጸጸታለህ ማለት ነው። ቃሉ ከስም በፊት ሲገባ ደግሞ ይቅርታም ሐዘኔታም ይጠፋና ንቀት ይገባበታል። «ኤ ሶሪ ስቴት» የተጎሳቆለ፣ የሚያሳፍር ሁኔታ ነው። «ኤ ሶሪ ኤክስኪዩዝ» የማይረባ ሰበብ ነው። ጋዜጣ ላይ ስታዩት ማን ማንን ይቅርታ እንደጠየቀ አትፈልጉ።

አንዱን በተለይ ልብ በሉልኝ። «አይ ፊል ሶሪ ፎር ዩ»ን ፊት ለፊት ለሰው አትበሉ። በመዝገበ ቃላት «አሳዘንከኝ» ነው። ሲነገር ግን ከላይ ወደ ታች የማየት ቃና አለው። ሰውየው «ማን እዘንልኝ አለህ?» ሊል ይችላል። ለሦስተኛ ሰው ሲሆን፣ «አይ ፌልት ሶሪ ፎር ዘ ቦይ» ሲባል፣ ነውር የለበትም።

የዲሲው ሹፌር

የእህቴ ጥያቄ የእኛም የሹፌሮች ጥያቄ ነው። መኪና ከመኪና ሲነካካ ከሐበሻ አፍ መጀመሪያ የሚወጣው ሶሪ ነው። ወርደን ሌላውን ሾፌር ደንግጦ ስናየው እንላለን። ጥፋቱ የሱ ቢሆንም እንላለን። ሰውየው ግን ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል።

እዚህ አካባቢ ይህ ከሌላው ስቴት የባሰ ዋጋ አለው። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ የሚከተሉት ሕግ ጠጣር ነው። ከአደጋው ውስጥ ትንሽ ድርሻ፣ አንድ በመቶ እንኳ፣ ጥፋት ከተገኘብህ ከሌላው ካሳ የማግኘት መብትህ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ያለውን ሕግ ይዘው የቀሩት ከእነዚህ ሌላ ሰሜን ካሮላይናና አላባማ ብቻ ናቸው። ዲሲ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2016 ለእግረኛና ለብስክሌተኛ አላልታለች። መኪና ለመኪና ሲሆን ግን ያው ነው። እና የሌላው ወገን ኢንሹራንስ «ሾፌሩ ራሱ ሶሪ ብሏል» የሚል ነገር ቢያገኝ ዝም ብሎ አያልፈውም።

አዲስ ለሚጀምሩ ልጆች የምነግራቸው እንዲህ ነው። ውረድ። «አር ዩ ሃርት?» (ተጎድተሃል?) በል። አምቡላንስ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቅ። ፎቶ አንሳ፣ ፖሊስ ጥራ። ሰው መሆንህ በዚህ ይታወቃል። ስለ ጥፋቱ የሚነጋገሩት ሌሎች ናቸው።

በረዶው ቶሮንቶ

እኛ ጋ እንዲያ አይደለም ወንድሜ። የምንኖርባት የካናዳ ክፍለ ሀገር ኦንታሪዮ በ2009 የይቅርታ ሕግ የሚባል አውጥታለች። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ደግሞ በ2006 ቀድማናለች። በኦንታሪዮው ሕግ ሶሪ ማለት በፍትሐ ብሔር ክስ ጥፋትን እንደማመን አይቆጠርም። ማስረጃ ሆኖም አይቀርብም። ኢንሹራንስም በዚያ ምክንያት ሽፋኑን ሊያነሳብህ አይችልም። ሕጉ «ሶሪ» የምትለዋን ቃል በስሟ ጠርቶ ነው የጻፋት። ካናዳዊ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚላት ለሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ሕግ መኖሩ አይገርምም። ወንጀል ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው።

አነጋገሩም ይለያል። ካናዳዊ አፉን ሞልቶ «ሶሪ» ይላል፤ እኛ በአማርኛ እንደምንጽፈው። አሜሪካዊ «ሳሪ» ወደሚለው ያደላል። ሥራ ቦታ «ከየት ነህ?» ሲሉኝ በዚች ቃል ብቻ አሜሪካ እንዳልኖርኩ የለዩኝ አሉ።

የሕግ ተማሪ፣ ቦስተን

አሜሪካም ሕግ የለም ማለት አይደለም። የመጀመሪያው እዚህ ማሳቹሴትስ ነው የወጣው፤ በ1986። ታሪኩ ልብ ይነካል። አንድ የስቴቱ ሴናተር ነበሩ። በ1974 ልጃቸው ብስክሌት እየነዳች ሳለ መኪና ገጭቶ ገደላት። የገጫት ሾፌር ግን አንድም ቀን ማዘኑን አልነገራቸውም። አባትየው ሲጠይቁ የተነገራቸው፣ ሰውየው አዝናለሁ ቢል ቃሉ ፍርድ ቤት ላይ ይመጣበታል ተብሎ መፍራቱን ነው። ያ እንዲቀር ሲሉ ነው ሕጉ እንዲወጣ የለፉት። እንግዲህ በአደጋ ጊዜ የሐዘኔታ ቃል የተናገረ ሰው ቃሉ የጥፋት ማስረጃ አይሆንበትም።

ካሊፎርኒያ በ2000 ተከተለች። እዚያ ክፍፍሉ ይበልጥ ግልጽ ነው። «መጎዳትህ አሳዝኖኛል» የተጠበቀ ነው። «አላየሁህም፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ግን አይጠበቅም። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ብትላቸው እንኳ ፍርድ ቤቱ ለያይቶ ያያቸዋል። የኔታ ስለ ቃሉ ሥር የነገሩን ነገር ሕግ ሆኖ የተጻፈ ይመስለኛል። ሐዘኑን ለብቻ፣ ጥፋቱን ለብቻ።

ስለ ጤና ባለሙያዎች ደግሞ ከ30 በላይ ስቴቶች የየራሳቸው ሕግ አላቸው። አብዛኞቹ የሚጠብቁት ሐዘኔታውን ነው፤ ጥፋትን ማመኑን አይደለም። የእህታችን ኃላፊ ያለችው ከዚህ የመጣ ይሆናል። ለራሳችሁ ጉዳይ ግን ጠበቃ ጠይቁ፤ ከስቴት ስቴት ይለያያል።

ሲስተር ከሚኒያፖሊስ

ነርስ ነኝ። ኃላፊሽ ትክክል ናት፤ ሕግ ስላለ ብቻ ግን አይደለም።

ለታካሚ ደረቅ «ሶሪ» ስትይው «ይቺ ልጅ ምን አድርጋኝ ይሆን?» ብሎ ይሰጋል። መድኃኒት አሳስታ ይሆን? አንድ ነገር ረስታ ይሆን? አልጋ ላይ የተኛ ሰው ብዙ ያስባል። «መርፌው ስላመመዎት አዝናለሁ» ስትይው ግን ስጋቱ ይወርዳል። እንዳየሽው፣ ሕመሙን እንደቆጠርሽለት ያውቃል።

ስለዚህ «ሶሪ»ን አትተዪ። ሙሉ አድርጊው። ከዚያ በፊት ግን ሌላም ቃል አለ። ሰው ሲደናቀፍ አሜሪካዊ የሚለው «አር ዩ ኦኬ?» ነው። ወይ «ኦህ ኖ!» ይላል። የእኛን «እኔን!» ቦታ የያዘው እሱ ነው፤ ከአፍ ሳያስቡት የሚወጣው። አንቺም እጅሽን ዘርግተሽ «ኦህ ኖ! አር ዩ ኦኬ?» ብትያቸው ሴትዮዋ ግር አይላቸውም ነበር።

ናይሮቢ፣ ኢስሊ

እኔ አልስማማም። እህታችን ያለችው ሶሪ ልክ ነው፤ አሜሪካኖቹ ስላልለመዱት ነው። ኬንያ ብትመጪ ማንም አይገርመውም። በስዋሂሊ «ፖሌ» ይባላል። ለተደናቀፈም፣ ለደከመም፣ ለታመመም፣ ሰው ለሞተበትም «ፖሌ» ነው፤ ሲብስ «ፖሌ ሳና»። ኬንያውያን እንግሊዝኛ ሲናገሩ በዚያው ቦታ «ሶሪ» ይላሉ። ናይጄሪያም እንዲሁ ነው። ዮሩባዎች «ፔሌ» የሚሉት ቃል አላቸው፤ በእንግሊዝኛ ሲመጣ ሶሪ ይሆናል። እኔ ራሴ ደረጃ ላይ ዕቃ ተሸክሜ ስወጣ የማላውቃት ሴት «ሶሪ» ብላኛለች። አልነካችኝም፣ መንገድም አልዘጋችብኝም። ሸክሙ ከብዶኝ ስላየች ነው።

ግማሽ አፍሪካ እንዲህ ይናገራል። ይህ ስሕተት አይደለም፤ የእኛ እንግሊዝኛ ነው። ለምን እንተወዋለን?

የኔታ

ወንድሜ፣ ልክ ብለሃል፤ ስሕተት አይደለም። እንዲያውም ወደ ጥንቱ ትርጉም የሚቀርበው ይህ የአፍሪካ አጠቃቀም ነው። ሕመም ተጋርቶ መናገር። እኔም ተማሪዎቼን ስሕተት ነው ብዬ አርሜ አላውቅም።

ግን ቃል የሚለካው በሰሚው ነው። ናይሮቢ ደረጃ ላይ የሚያጽናና ቃል አሌክሳንድሪያ ኮሪደር ላይ የሚያደናግር ከሆነ፣ ተናጋሪዋ ሁለቱንም ማወቅ አለባት። አትተወው፤ የት እንደቆመች ግን ታውቅ።

ሃክኒ

ከለንደን ነው። እዚህ ደግሞ ሦስተኛ ዓለም ነው።

አውቶቡስ ላይ እግሬን የረገጠኝ ሰው ሶሪ ይላል። የተረገጥኩት እኔም ሶሪ እላለሁ። ሁለታችንም ነን የምንለው። ሰው ማለፍ ከፈለገ «ሶሪ፣ ካን አይ ጀስት ጌት ፓስት?» ይላል። አሜሪካ ቢሆን «ኤክስኪዩዝ ሚ» ይባል ነበር። ስብሰባ ላይ መናገር የፈለገ ሰው «ሶሪ፣ አንድ ነገር ልጨምር» ብሎ ይጀምራል። ያልሰማ ሰው ደግሞ ድምፁን ወደ ላይ ሰቅሎ «ሶሪ?» ይላል፤ «አቤት? ምን አልሽ?» ማለቱ ነው።

ይህን የመጨረሻውን ያልለመደ ሰው ይቸገርበታል። አዲስ የመጣ ዘመዴ ሱቅ ውስጥ የሆነ ነገር ሲጠይቅ ሻጯ «ሶሪ?» አለችው። የለም ያለችው መስሎት አመስግኖ ወጣ። ዕቃው መደርደሪያው ላይ ነበር። ልዩነቱ ድምፁ ነው። መጨረሻው ከተሰቀለ ጥያቄ ነው፤ ድገምልኝ ማለት ነው። ከወረደ ግን የለም ሊሆን ይችላል።

ማንጎ

እኛም አዲስ አበባ «ይቅርታ፣ ሰዓት ስንት ነው?» እንል የለ እንዴ። ያው ነው።

የሦስት ልጆች እናት

ስለ ልጆች የሚያነሳ ጠፋ። የእኔ ልጆች ዴንቨር ነው የተወለዱት። ትንሹ ወንድሙን ገፍቶ ይጥለዋል፤ «ሶሪ» ይልና ሮጦ ይሄዳል። ለሱ ነገሩ አለቀ። ትምህርት ቤት የለመደው እንዲያ ነው። «ሰይ ሶሪ» ይባላል፣ ይላል፣ ያልፋል።

በአማርኛ «ይቅርታ ጠይቀው» ስለው ግን ይከብደዋል። ለምን እንደሚከብደው ቆይቶ ነው የገባኝ። «ይቅርታ» ስንል አንድ ነገር እየለመንን ነው። «ይቅር በለኝ» ነው። ይቅር የሚለው ሌላው ሰው ነው፤ መልስ መጠበቅ አለብህ። ሶሪ ግን ስለራስህ ነው የሚናገረው። «አዝኛለሁ» ብለህ ጨረስክ፤ ሌላው ምንም እንዲል አይጠበቅም። በእንግሊዝኛ የእኛን ይቅርታ የሚያክለው «ፎርጊቭ ሚ» ነው። እሱን ደግሞ በየቀኑ የሚል የለም።

አሁን ቤት ውስጥ ሁለቱንም አስለምጃቸዋለሁ። ለትንሿ ነገር፣ ውሃ ለፈሰሰ፣ ለተጋፋ፣ ሶሪ ይበቃል። ሰው ካስከፉ ግን ተመልሰው ሄደው፣ ዓይኑን እያዩ፣ «ይቅርታ አድርግልኝ» ብለው መልሱን ይጠብቃሉ። ትልቁ አሁን ሳይነገረው ያደርገዋል። ይህን በእንግሊዝኛ ብቻ ላስተምራቸው አልችልም ነበር።

ዴራ፣ ዱባይ

የመስተንግዶ ሥራ ላይ ያላችሁ ይህችን ያዙ። እንግዳ ስታስጠብቁ በየደቂቃው «ሶሪ ሰር፣ ሶሪ ማዳም» አትበሉ። ሲበዛ ሥራችሁን የማትችሉ ያስመስላችኋል። «ታንክ ዩ ፎር ዌይቲንግ» (ስለጠበቁን እናመሰግናለን) በሉ። ያጠፋችሁት ነገር ካለ ግን አንዴ፣ በግልጽ፣ ከነምክንያቱ ሶሪ በሉ።

የድሮ ጋዜጣ አንባቢ

እናንተ ስለ ጣትና ስለ መኪና ታወራላችሁ፤ በዚች ቃል የአገር ጉዳይ ያለቀበት ጊዜ አለ። ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው።

ሚያዝያ 1 ቀን 2001 የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላንና የቻይና ተዋጊ ጄት ከሃይናን ደሴት አቅራቢያ አየር ላይ ተጋጩ። ቻይናዊው አብራሪ ዋንግ ዌይ ሞተ። የአሜሪካው አውሮፕላን ተጎድቶ ሃይናን አረፈ። ውስጡ የነበሩትን 24 ሰዎች ቻይና ያዘች። «ይቅርታ ካልጠየቃችሁ አንለቅም» አለች። አሜሪካ ደግሞ «ጥፋቱ የእኛ አይደለም፤ ይቅርታ አንጠይቅም» አለች።

አሥር ቀን ሙሉ ቃል ሲመርጡ ሰነበቱ። መጀመሪያ አሜሪካኖቹ «ሪግሬት» (ጸጸት) አሉ፤ ቻይና አነሰኝ አለች። «አፖሎጃይዝ» (ይቅርታ እንጠይቃለን) ቢሉ ጥፋትን ማመን ነው፤ አሜሪካ አልፈለገችም። በመጨረሻ ሚያዝያ 11 አምባሳደር ጆሴፍ ፕሩየር ደብዳቤ ሰጡ። ደብዳቤው ውስጥ «ቬሪ ሶሪ» (በጣም አዝነናል) ሁለት ጊዜ አለ። አንዱ ለአብራሪው ቤተሰብ ስለደረሰባቸው ሐዘን ነው። ሁለተኛው አውሮፕላኑ በቃል ፈቃድ ሳያገኝ አየር ክልላቸው ገብቶ ስላረፈ ነው። ሰዎቹ ተለቀቁ። ቻይና ለሕዝቧ «ይቅርታ ጠየቁን» አለች። አሜሪካ ለሕዝቧ «ሐዘናችንን ገለጽን እንጂ ይቅርታ አልጠየቅንም» አለች። ሁለቱም ያነበቡት አንድ ወረቀት ነው። ቃሉ ሁለት ወገን ባይኖረው ኖሮ 24 ሰው መቼ ይፈታ እንደነበር እንጃ።

ማንጎ

ይሄ ገራሚ ነው። ታዲያ «አፖሎጃይዝ» ከ«ሶሪ» የሚለየው በዚህ ብቻ ነው?

የኔታ

ዋናው ልዩነታቸው እሱ ነው። «አፖሎጃይዝ» የሚል ሰው ኃላፊነት ወስዷል። ለቅሶ ቤት ገብተህ «አይ አፖሎጃይዝ» ብትል ሟቹን የገደልከው አንተ ነህ ወይ ያሰኛል። ስለዚህ አንድ መለያ ልስጥህ። ሶሪ ባለበት ቦታ «አፖሎጃይዝ» አስገብተህ ሞክር። ከገባ የጥፋት ሶሪ ነው። አልገባም ካለ የሐዘኔታ ሶሪ ነው።

ሥሩ ግን ተቃራኒ ነው። ከግሪኩ «አፖሎጊያ» ነው የመጣው። በፍርድ ቤት ቆሞ ራስን መከላከል ማለት ነበር። ሶቅራጥስ በከሳሾቹ ፊት ያደረገው ንግግር በዚህ ስም የሚጠራው ለዚያ ነው። ሰውየው ይቅርታ አልጠየቀም፤ ተሟገተ እንጂ። ቃሉ ወደ ዛሬው ትርጉም የዞረው ቆይቶ ነው።

የፖለቲከኞችን «ሶሪ ኢፍ ዩ ወር ኦፌንድድ»ም ልብ በሉ። «ተቀይማችሁ ከሆነ» የምትለዋ «ከሆነ» ጥፋቱን ከተናጋሪው አንስታ ወደ ተቀያሚው ታዞረዋለች። እኔ ይቅርታ ብዬ አልቆጥረውም።

ሜልበርን ያለሁ

የድሮ ጋዜጣ አንባቢ ያነሳው ጉዳይ እዚህም አለ፤ ከአውሮፕላኑም ይከብዳል።

አውስትራሊያ ውስጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት የአቦርጂናል፣ ማለትም የአገሩ ቀደምት ነዋሪዎች፣ ልጆች ከእናት ከአባታቸው እየተወሰዱ በማሳደጊያና በነጭ ቤተሰብ ያድጉ ነበር። በ1997 ትልቅ ሪፖርት ወጣ፤ መንግሥት ይቅርታ እንዲጠይቅ አሳሰበ። በዓመቱ ግንቦት 26 የመጀመሪያው «የሶሪ ቀን» ተብሎ ተከበረ። ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሃዋርድ ግን ቃሉን አልናገርም አሉ። በ1999 ፓርላማ ያጸደቀው «ጥልቅና ልባዊ ጸጸት» የሚል ነበር። ሶሪ የለበትም። በ2000 በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው የሲድኒን ድልድይ በእግሩ ሲያቋርጥ፣ አውሮፕላን በጭስ «ሶሪ» ብሎ ሰማይ ላይ ጻፈ። ሕዝቡ የሚጠብቀው ያቺን ቃል ነበር።

የካቲት 13 ቀን 2008 አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኬቪን ራድ ፓርላማ ቆመው «ዊ ሴይ ሶሪ» አሉ። በአንድ ውሳኔ ውስጥ ሦስት ጊዜ። በልጅነታቸው የተወሰዱ ሽማግሌዎች ምክር ቤቱ ውስጥ ተቀምጠው ያለቅሱ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። በአቦርጂናሎች እንግሊዝኛ «ሶሪ ቢዝነስ» የሚባል አለ። ለቅሶ ማለት ነው። ሰው ሲሞት ዘመድ ከሩቅ ይሰበሰባል፣ ለቀናት አብሮ ይቀመጣል። ሥራ ቦታ «ሶሪ ቢዝነስ አለብኝ» ያለ ሰው ለቅሶ ሊሄድ ነው። የሟቹንም ስም በብዙ ቦታ ለጊዜው አይጠሩም። ይህን ከሰማሁ በኋላ ቃሉ በእነሱ ጆሮ ምን ያህል እንደሚከብድ ገባኝ። ከመንግሥት ሲጠብቁ የኖሩት ጥፋቱን እንዲያምንላቸው ነበር፤ ለቅሷቸውንም እንዲደርስ ጭምር ይመስለኛል።

ረዳቷ ከአሌክሳንድሪያ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ያህል ነገር ይኖረዋል ብዬ አልጠበቅሁም። የኔታ፣ ያቺን የ«አፖሎጃይዝ» መለያ ደብተሬ ላይ ጽፌያታለሁ።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ እኔ የምሠራበት መጦሪያ ቤት ሰው ይሞታል። ለልጆቻቸው ምን ይባላል? «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» የሚለው በእንግሊዝኛ አልመጣልኝም። ሁለተኛ፣ የሴትዮዋን ጣት ነገር ሪፖርት ሙዪ ተብያለሁ። እዚያ ላይ ሶሪ ማለቴን ልጻፍ?

ሲስተር ከሚኒያፖሊስ

ለቤተሰብ «አይ አም ሶሪ ፎር ዩር ሎስ» (ሰው ስላጣችሁ አዝናለሁ) ነው የሚባለው። የተለመደ ነው፤ ስለተለመደ ግን ባዶ አይደለም። የሟቹን ስም ብትጨምሪበት የበለጠ ይገባል። ታጥቢያቸው፣ ታበያቸው ከነበረ አንዲት የምታስታውሺውን ነገር ንገሪያቸው። ሬዲዮ ይወዱ ነበር፣ ቡናቸውን ያለ ስኳር ነበር፤ እንዲህ ያለውን። ልጆቹ ከሁሉ አስበልጠው የሚይዙት ያንን ነው። ስለ ሃይማኖታቸው ካላወቅሽ የእግዚአብሔርን ስም ቀድመሽ አታንሺ፤ እነሱ ካነሱ አብረሽ በይ። አንቺን ሐዘን ገጥሞሽ ሰው እንዲህ ሲልሽ ደግሞ «ታንክ ዩ» በቂ ነው። ብዙ የእኛ ሰው «ኢትስ ኦኬ» ይላል፤ ሰሚው ግራ ይገባዋል፤ ሞት እንዴት ኦኬ ይሆናል?

ሪፖርቱ ላይ ሶሪ አይገባም። የተሰማሽን አትጻፊ፤ ያየሽውን ብቻ ጻፊ። ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የቱ እግርና የትኛው ጣት እንደሆነ፣ ደም ወይም እብጠት መኖር አለመኖሩን፣ ሴትዮዋ ያሉትን በራሳቸው ቃል፣ ለየትኛዋ ነርስ በስንት ሰዓት እንደተናገርሽ። የዊልቸሩ ፍሬን ተይዞ ከነበረም ጻፊ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ እሱን ነው።